ከመርፌው ጎን ያለው ቃል፦ የጥርስ ሕመምና ሂፕኖሲስ ከጎንደር ሲታይ

በጃናሞራ ወይም በበየዳ ደጋ ጥርሱን የታመመ ሰው ሐኪም ፊት ከመቅረቡ በፊት ብዙ ነገር ይሞክራል። ቅርንፉድ ይነክሳል። ነጭ ሽንኩርት ከጤና አዳም ጋር ቀጥቅጦ በተቦረቦረው ጥርስ ላይ ያደርጋል። አረቄ ጉንጩ ውስጥ ይዞ ይቆያል። አንዳንዱም የአስተናግር ፍሬ ፍም ላይ ጨምሮ ጢሱን በአፉ ይስባል። ከእነዚህ ሁሉ ቅርንፉድ በእርግጥም ያደነዝዛል፤ በውስጡ ያለውን ዩጂኖል የተባለ ዘይት ዛሬም የጥርስ ሐኪሞች ይጠቀሙበታል። አስተናግር ግን መርዝ ነው። አትሮፒንና ስኮፖላሚን ስላለበት ሰውን ያስቀባዥራል፣ ሲበዛም ይገድላል። ቀኑ እንዲህ ሆኖ ይመሻል፤ ሌሊት ጋደም ሲሉ ደግሞ ሕመሙ ይብሳል። ጉንጭ አብጦ ሲነጋ ነው በደባርቅ በኩል ወደ ጎንደር ጉዞ የሚጀመረው።

ታማሚውን ይህን ያህል ያቆየው የመንገዱ ርቀትና የገንዘብ ማጣት ብቻ አይደለም። ጉጠቱን ይፈራል፣ መርፌውን ይፈራል፣ በልጅነቱ ሰው ጥርሱን ሲነቀል ያየው ከዓይኑ አልጠፋም። ፍርሃቱም ሁለት ጊዜ ይጎዳዋል። መጀመሪያ ያዘገየዋል፤ ዘግይቶ ሲመጣ የጥርሱ ሥር መግል ቋጥሯል፤ የቆሰለ ሥጋ ደግሞ አሲድነቱ ስለሚጨምር ሊዶኬይን የተባለው ማደንዘዣ ወደ ነርቩ ዘልቆ ለመግባት ይቸገራል። ከዚያም ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ፣ የፈራን ሰው ያው ንክኪ ካልፈራው ሰው አብልጦ ያመዋል። ስለዚህ የጥርስን ሕመም የማስታገስ ታሪክ በመድኃኒት ስም ዝርዝር አያልቅም። ሰው በቃል፣ በሐሳብና በእምነት ሕመሙን ለመቀነስ ያደረገው ሙከራም የዚሁ ታሪክ ክፍል ነው። ይህ ዳሰሳ የሚከተለው ያንን መስመር፣ በተለይም የሰውን ትኩረት በቃል መርቶ ስሜቱን የሚለውጠውን ሂፕኖሲስን ነው። ዘመናቱን ለማነጻጸር እንዲያመች፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

መርፌ ከመምጣቱ በፊት በጎንደርና በዙሪያዋ ጥርስ የሚነቅለው ወጌሻው ነበር፤ በገጠሩ ዛሬም አልቀረም። ጥሩ ወጌሻ በክንዱ ብርታት ብቻ አይሠራም። እጁ ሲዘጋጅ አፉ ያወራል። ስለ በሬው ይጠይቃል፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቃል፣ ስለ ልጁ ሠርግ ይጠይቃል፤ የታማሚው ልብ ወደ መልሱ ዘወር ያለችበትን ቅጽበት ጠብቆ ይስባል። ዘመድ ከኋላ ትከሻውን ይይዛል። «አይዞህ» የሚል ድምፅ ከጎን አይጠፋም። ታማሚው በስመ አብ ብሎ ዓይኑን ይጨፍናል፣ የደብሩን ታቦት ስም ይጠራል። ይህን ስል ያለፈውን ለማሞገስ አይደለም። መንጋጋ ተሰብሯል፣ ደም አልቆም ብሎ ሰው ሞቷል፣ ባልተቀቀለ ጉጠት በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው ተላልፏል። የሕፃናትን የወተት ጥርስ ከድዳቸው ፈልቅቆ ማውጣት ደግሞ በምንም ቃል ሊከላከሉለት የማይቻል ጎጂ ልማድ ነው። ቢሆንም ወጌሻው አንድ ነገር ያውቅ ነበር፤ ሕመም የሚያድረው ጥርሱ ውስጥ ብቻ እንዳልሆነ።

ንቅሳትን እናስብ። በጎንደርና በትግራይ ብዙ እናቶቻችን ድዳቸውን የተነቀሱት ያለ አንዳች ማደንዘዣ ነው። ጥላሸት የተቀባ እሾህ ወይም መርፌ ያንን ስስ ሥጋ ደጋግሞ ይወጋዋል፤ ልጅቷም ትታገሠዋለች። ይህችው ሴት በሃምሳ ዓመቷ የሐኪሙን አንዲት መርፌ ስታይ ትንቀጠቀጣለች። ድዱ ያው ድድ ነው፤ መርፌውም ከቀድሞው የቀጠነ ነው። የተለወጠው የመወጋቱ ትርጉም ነው። ያኛው ውበት ሆኖ የተጠበቀ ነበር፣ ይኼኛው ደግሞ መከራ ሆኖ የሚጠበቅ ነው። ስለ ሂፕኖሲስ የተጻፈ ብዙ ጥናት አንብቤአለሁ፤ ከዚህ የበለጠ የገባኝ ማስረጃ ግን የለም።

ሌላም አለ። በ1932 ሚሼል ሌሪስ የተባለው ፈረንሳዊ ጸሐፊ ከዳካር ተነሥቶ እስከ ጅቡቲ በተጓዘው የጥናት ቡድን ውስጥ ሆኖ ጎንደር ወራት ተቀምጧል። አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ እያስተረጎሙለት መልካም አየሁ በተባሉት የዛር አዋቂ ቤት የሚደረገውን ሲከታተልና ሲመዘግብ ቆየ። ከብዙ ዓመት በኋላም፣ በ1958፣ በጎንደር ዛር ላይ የታወቀውን ጥናቱን አሳተመ። ከበሮው ሲመታ፣ ጭብጨባው ሲደምቅ፣ ዛር የወረደባት ሴት ራሷን ታሽከረክራለች፤ በሌላ ሰዓት ትደክም የነበረ ሰውነቷ ድካሙን ይረሳል። ዛርና ሂፕኖሲስ አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። ዛር ሃይማኖታዊና ማኅበራዊ ሥርዓት ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ትቃወመዋለች። የሚያገናኛቸው አንድ ነጥብ የሰው ትኩረት በአንድ ነገር ላይ አጥብቆ ሲያርፍ የሰውነት ስሜት ሊለወጥ መቻሉ ነው። ይህ ለጎንደር ሰው እንግዳ ዕውቀት አይደለም።

በአውሮፓ የሂፕኖሲስ ጉዳይ የተነሣው በፍራንዝ አንቶን ሜስመር ነው። በ1770ዎቹ ቪየና ውስጥ፣ ኋላም ፓሪስ ላይ፣ ከሰው ወደ ሰው የሚፈስ የማይታይ ማግኔታዊ ኃይል አለ ብሎ ብዙ ሕመምተኛ ሰበሰበ። በ1784 የፈረንሳዩ ንጉሥ ያቆመው መርማሪ ጉባኤ፣ ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ላቮዋዚዬ የነበሩበት፣ እንዲህ ያለ ኃይል የለም፣ የታየው ሁሉ የምናብ ሥራ ነው ብሎ ወሰነ። ውሳኔው ትክክል ነበር። ነገር ግን ምናብ ብቻውን ይህን ያህል መሥራት ከቻለ ምናቡ ራሱ ሊጠና ይገባው ነበር፤ ያን ጥያቄ ያነሡት ግን ለረጅም ጊዜ ጥቂቶች ነበሩ። ጄምስ ብሬድ የተባለው በማንቸስተር ይሠራ የነበረ ሐኪም በ1840ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው ነገሩን ከማግኔቱ ወሬ ያላቀቀው። ምስጢሩ ያለው በአድራጊው እጅ ሳይሆን በታማሚው የጸና ትኩረት ነው አለ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ጥርስ ገና ከጅምሩ አለ። በ1837 ኡዴ የተባለ የጥርስ ሐኪም በማግኔት ካፈዘዟት ሴት ጥርስ ነቀለ፤ ነገሩ ፓሪስ ባለው የሕክምና አካዳሚ ፊት ቀርቦ ብዙ ክርክር አስነሣ። በ1845 ደግሞ ጄምስ ኤስዴይል የተባለ ስኮትላንዳዊ ቀዶ ሐኪም በካልካታ አቅራቢያ፣ ሁግሊ በሚባል ቦታ፣ በሰዓታት ማፍዘዝ ከባድ ዕጢዎችን መቁረጥ ጀመረ። ቁጥሩ በመቶዎች እስኪቆጠር ድረስም ሠራ። የኤስዴይልን ሥራ ሳነብ አንድ ነገር ይከብደኛል፤ ብዙዎቹ ታማሚዎቹ በቅኝ ገዢ እጅ ያሉ ድሆችና እስረኞች ነበሩ። ሰው እምቢ ማለት መቻሉ እርግጠኛ ባልሆነበት ቦታ «አላመመኝም» የሚል ምስክርነት በሙሉ ሚዛኑ አይወሰድም።

ያንኑ ዘመን ወሳኝ ያደረጉትም የጥርስ ሐኪሞች ናቸው። በታኅሣሥ 1844 ሆራስ ዌልስ ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ስቦ የራሱን ጥርስ አስነቀለ። በጥቅምት 16 ቀን 1846 ዊልያም ሞርተን ቦስተን ላይ የኤተርን ማደንዘዣነት በሐኪሞች ፊት አሳየ። ከዚያች ቀን ወዲህ ሰዓታት የሚፈጀው ማፍዘዝ ከደቂቃዎቹ ኤተር ጋር ሊወዳደር አልቻለም። በ1884 ኮኬይን፣ በ1905 ፕሮኬይን መጡ፤ በ1943 ስዊድን ውስጥ የተሠራው ሊዶኬይን ደግሞ እስከ ዛሬ የጥርስ ሐኪሙ ዋና መሣሪያ ነው። ኬሚካሉ አሸነፈ፤ ማሸነፉም ለሰው ልጅ በጎ ነበር። ከማፍዘዙ ጋር ሕመምተኛውን የማናገር ጥበብ አብሮ ከመደርደሪያው መውረዱ ግን መሆን ያልነበረበት ነው።

ጎንደር ወደዚህ ታሪክ የገባችው በወረርሽኝ ምክንያት ነው። በ1953 በደንቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ፈጀ። የጤና ባለሙያ እጥረቱ ምን ያህል እንደሆነ ያኔ ታየ፤ በማግሥቱ ዓመት፣ በ1947 ዓ.ም.፣ የሕዝብ ጤና ኮሌጁ ጎንደር ላይ ሥራ ጀመረ። የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የጤና አጠባበቅ ባለሙያዎች በቡድን ሆነው ወደ ገጠር ይወጡ ነበር፤ ይህ በአገሪቱ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ሥራ ነው። በ1978 ደግሞ ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕሲግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሐኪሞች ማሠልጠኛው ተከፈተ። የላይፕሲግ መምህራን ለዓመታት ጎንደር ላይ አስተማሩ። ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምናን፣ ሰመመንን (አንስቴዥያን) እና የአእምሮ ሕክምናን በአንድ ኮሌጅ ሥር ያስተምራል። የላይፕሲግን ነገር ከታች እመለስበታለሁ።

ሂፕኖሲስ በምዕራቡ ሕክምና ውስጥ መልሶ መቀመጫ ያገኘው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1955 የእንግሊዝ ሐኪሞች ማኅበር፣ በ1958 የአሜሪካው፣ በሠለጠነ ባለሙያ እጅ ተገቢ የሕክምና ዘዴ ነው ብለው ተቀበሉት። በ1959 ስታንፎርድ ላይ ኧርነስት ሂልጋርድና ባልደረቦቹ ሰው ለሂፕኖሲስ ያለውን ተቀባይነት የሚለኩበት ሚዛን አወጡ። ያ ሚዛን የገለጠው ነገር ዛሬም እውነት ነው፤ ጥቂት ሰዎች እጅግ ይቀበሉታል፣ ጥቂቶች ፈጽሞ አይቀበሉትም፣ የሚበዛው ሰው መሐል ላይ ነው። በቤልጅየሟ ሊዬዥ ደግሞ ማሪ ኤልዛቤት ፋይሞንቪል የተባሉ የሰመመን ሐኪም ከ1992 ጀምሮ ሂፕኖሲስን ከጥቂት ማስታገሻና ከአካባቢ ማደንዘዣ ጋር አጣምረው በሺዎች በሚቆጠሩ ሕመምተኞች ላይ ተጠቀሙ። ልብ በሉ፣ ማደንዘዣውን አላስወገዱትም፤ አብረው ሰጡት።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው በ1997 በሳይንስ መጽሔት የወጣው የፒዬር ሬንቪልና የባልደረቦቹ ጥናት ነው። ፈቃደኞቹ እጃቸውን በሚያቃጥል ውኃ ውስጥ አድርገው አንጎላቸው ተቀረጸ። በሂፕኖሲስ ውስጥ ሆነው የሕመሙ አስጨናቂነት እንዲቀንስ ወይም እንዲጨምር ተነገራቸው። የውኃው ሙቀት አልተለወጠም። የሕመሙን ቦታና ዓይነት የሚለየው የአንጎል ክፍል ሥራውን እንደያዘ ቀጠለ፤ ጭንቀቱን የሚያስተናግደው የፊተኛው ሲንጉሌት የተባለው ክፍል ግን ከቃሉ ጋር አብሮ ወረደ፣ አብሮ ወጣ። ጥርሱ ሲነካ ማወቅና በዚያ መሠቃየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው በዚህ ታየ። ወጌሻው ይህን በልማድ ያውቀው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለው ማስረጃ ጥንካሬው የተለያየ ነው። በ2000 ኤልቪራ ላንግና ባልደረቦቿ በላንሴት ያወጡት ጥናት 241 ሕመምተኞችን ይዟል፤ በቆዳ በኩል በሚገባ ቀጭን ቱቦ የሚሠራ ሕክምና ሲደረግላቸው ሂፕኖሲስ የተጨመረላቸው ሰዎች ሕመማቸውም ጭንቀታቸውም ቀንሷል፤ ሕክምናውም በአማካይ ከ78 ደቂቃ ወደ 61 ወርዷል። «ወረፋው ረጅም ነው፣ ለማናገር ጊዜ የለንም» ለሚል ሐኪም ይህ ቁጥር መልስ ነው፤ የተረጋጋ ሰው አይነሣም፣ አያቋርጥም። በሕፃናት ጥርስ ላይ የተደረገውን ሥራ የመረመረው የ2010 የኮክሬን ግምገማ ግን ያገኘው ሦስት ጥናት፣ 69 ልጆች ብቻ ነበር፤ ጠቃሚ መሆኑን ለመናገር አይበቃም ብሎ ዘጋው። ይህን መደበቅ ተገቢ አይደለም። በ2019 የ85 ሙከራዎችን ውጤት የደመረው ግምገማ ደግሞ በቤተ ሙከራ በተፈጠረ ሕመም ላይ ተቀባይነታቸው ከፍተኛ የሆኑ ሰዎች ሕመማቸው በ42 በመቶ፣ መካከለኞቹ በ29 በመቶ መቀነሱን አሳየ።

ወደ ላይፕሲግ ልመለስ። በ2015 የዚያች ከተማ ተመራማሪዎች ጥርስ ሊነቀሉ የመጡ 102 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው፣ ግማሾቹን እንደተለመደው አከሙ፣ ለግማሾቹ ከተለመደው ማደንዘዣ ጋር ሂፕኖሲስ ጨመሩ። ሂፕኖሲስ የተጨመረላቸው በሕክምናው ሰዓት ጭንቀታቸው ከሌሎቹ ያነሰ ሆነ። ላይፕሲግ ጎንደርን ሐኪም ያስተማረች ከተማ ናት። በአንድ ወቅት መጻሕፍትና መምህራን ከላይፕሲግ ወደ ጎንደር ይመጡ ነበር፤ ይህም ዕውቀት በዚያው መንገድ ቢመጣ ደስ ይለኛል።

ቢመጣ ግን ተተርጉሞ ብቻ መምጣት የለበትም። በሌላ አገር ሐኪሙ ታማሚውን በሐሳቡ ባሕር ዳርቻ ላይ ያስተኛዋል፤ የበየዳ እረኛ አሸዋና ባሕር ምኑ ነው? እሱ የሚያውቀው ብርድ ነው። ከራስ ደጀን ግርጌ ያደገ ሰው በኅዳርና በታኅሣሥ ጧት ውርጭ በያዘው ሣር ላይ እጁ እንዴት እንደሚደነዝዝ፣ ጣቶቹ የራሱ መሆናቸውን እስኪረሳ እንዴት እንደሚሆኑ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። ሐኪሞቹ ከሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች አንዱ ደግሞ በትክክል ይህ ነው። ታማሚው ትንፋሹን ያረጋጋል፣ ዓይኑን በአንድ ነገር ላይ ያሳርፋል፣ እጁ ሲቀዘቅዝና ሲደነዝዝ ያስባል፤ ድንዛዜው ሲሰማው እጁን ጉንጩ ላይ አድርጎ ወደ መንጋጋው ያስተላልፈዋል። «አባቴ፣ ጧት ከከብቱ ጋር ሲወጡ ያ ውርጭ እጅዎን ሲይዘው ያስታውሱታል? የቱ ጣት ነው ቀድሞ የሚደነዝዘው?» ብሎ የሚጀምር ወጣት ሐኪም የውጭ መጽሐፍ ከሚያነብለት ሰው ይልቅ ሩቅ ይሄዳል። ለጎንደር ከተማ እናት ሌላ መንገድ አለ፤ ቡናዋ፣ ዕጣኑ፣ ሦስተኛው ጀበና እስኪደርስ ያለው ጸጥታ። ሃይማኖተኛው ሽማግሌ ደግሞ ዳዊታቸውን በልባቸው ይድገሙ፤ ትኩረታቸው የሚያርፍበትን እሳቸው ቢመርጡ ይሻላል።

የአነጋገር ነገር ከዚህም ቀድሞ ሊታረም ይገባል። ላንግና ባልደረቦቿ በ2005 ባወጡት ሌላ ጥናት፣ ሐኪሙ ከመውጋቱ በፊት «አሁን ያምሃል» ብሎ ሲያስጠነቅቅ የታማሚው ሕመምና ጭንቀት ከፍ ማለቱን አሳይተዋል። እኛ ዘንድ «ቻል አድርጊው፣ ያማል» ማለት እንደ ደግነት ይቆጠራል። መዋሸትም አይገባም፤ «ምንም አያምምሽም» ተብላ ያመማት ሴት ሐኪሙን ዳግመኛ አታምነውም። «አሁን ማደንዘዣውን እሰጥሻለሁ፣ ቦታው ከዚያ እየደነዘዘ ይሄዳል፣ ማረፍ ስትፈልጊ ጣትሽን አንሺልኝ» ማለት እውነትም ነው፣ ያረጋጋልም። ይህን ለመማር የሂፕኖሲስ ምስክር ወረቀት አያስፈልግም።

ጥርጣሬ መኖሩ አይቀርም። ሂፕኖሲስ ሲባል ብዙ ሰው አፍዝ አደንግዝን ያስባል፤ ገበያ መሐል አዙሮ የሚዘርፈውን ሌባ፣ የሰው ፈቃድ የሚነጥቀውን አስማተኛ። ይህን ፍርሃት አላናንቀውም፤ መልሱ ግልጽነት ነው። በሂፕኖሲስ ያለ ሰው አልተኛም። ይሰማል፣ ይመልሳል፣ በቃኝ ካለ ተነሥቶ ይሄዳል። ዘመዱ ከጎኑ ይቀመጥ፣ በሩ አይዘጋ፣ የሚባለው ቃል ሁሉ አስቀድሞ ይነገረው። ስለ እምነቱ የሚያሳስበው ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ቢመክር ሐኪሙ ደስ ሊለው ይገባል። ሥራውም ጥርስ ሐኪሙ፣ የሰመመን ባለሙያው ወይም የአእምሮ ሐኪሙ በሙያ ፈቃዱ ውስጥ ሆኖ የሚሠራው መሆን አለበት፤ ሳይኮሲስ ያለበት ሰው ደግሞ ያለ አእምሮ ሐኪም ምክር ሊሞከርበት አይገባም።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ሌላ ነገር ነው። ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ጦርነት የሰሜን ጎንደር ጤና ተቋማት ተጎድተዋል፤ ከ2023 ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭትም መንገድ እየዘጋ የመድኃኒት አቅርቦትን አስቸግሯል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሂፕኖሲስ ለጠፋው ሊዶኬይን መተኪያ ተደርጎ እንዳይቀርብ እሰጋለሁ። ድሃ በቃል፣ ሀብታም በመርፌ የሚታከምበትን ነገር ልቤ አይቀበለውም። መግል የቋጠረ ጥርስ መግሉ መውጣት አለበት፤ እብጠቱ ወደ አንገት የወረደ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ የከለከለው ሰው በዚያችው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ አለበት። ቃል መግል አያወጣም።

በ2013 የታተመ ጥናት በጎንደር ከተማ ከ7 እስከ 14 ዓመት ካሉት ልጆች 36.3 በመቶው የተቦረቦረ ጥርስ እንዳላቸው አሳይቷል። እነዚያ ልጆች ዛሬ ወጣቶች ናቸው። መጀመሪያ የተቀመጡበት የጥርስ ሐኪም ወንበር እንዴት እንደተቀበላቸው፣ በኋላ ሕመም ሲጀምራቸው ቶሎ መምጣታቸውን ወይም መዘግየታቸውን ወስኗል። ስለዚህ ሂፕኖሲስን ጎንደር ላይ የሚፈትን ጥናት የሚጀመር ከሆነ ከልጆችና ከመጀመሪያ ጊዜ ታማሚዎች ቢጀመር እመርጣለሁ። የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። የጥርስ ሕክምናው፣ የሰመመኑና የአእምሮ ሕክምናው ትምህርት ክፍሎች አብረው ይቀመጡ። ከደባርቅ፣ ከዳባት፣ ከአዲ አርቃይ የመጡ ተማሪዎች በየአገራቸው አነጋገር የማረጋጊያውን ንግግር ያዘጋጁ፤ ውርጩም፣ ገደሉም፣ ጭላዳውም ይግባበት። ሁሉም ታማሚ ሙሉ ማደንዘዣውን ያግኝ፣ ግማሹ በዕጣ ንግግሩ ይጨመርለት። ከዚያ ስንት ካርትሪጅ ሊዶኬይን እንደፈጀ፣ ታማሚው ሕመሙን ከአሥር ስንት እንደሰጠው፣ ሥራው ስንት ደቂቃ እንደወሰደ ይመዝገብ። አንድ ተጨማሪ ዓምድም ይኑር፤ ለሁለተኛው ቀጠሮ ተመልሶ መጣ ወይስ ቀረ የሚል።